በለቅሶዬ ሰሞን የተለጠፈው ማስታወቂያ

ባለቤቴን ከቀበርን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ከቤት የወጣሁት ወተት ለመግዛት ነበር። ወተት አልጎደለብኝም፤ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ይዞ እየመጣ ፍሪጁ ሞልቷል። ልጄ ሥራ ገብቶ ቤቱ ጭር ሲልብኝ ግን አንድ ምክንያት ፈልጌ ካፖርቴን ደረብኩና ወረድኩ።

የምንኖረው ካናዳ፣ ኢስት ዮርክ ውስጥ፣ ከዳንፎርዝ መንገድ ትንሽ ወደ ላይ፣ ከሥሩ ሱቆች ባሉት አሮጌ ሕንፃ ላይ ነው። ከሕንፃው ወጥቶ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው የሚሄድ ሰው በሱቆቹ ፊት ማለፉ ግድ ነው። መጀመሪያ የጥርስ ሐኪሙ፣ ቀጥሎ ዳቦ ቤቱ፣ መጨረሻ ላይ፣ ልክ ከማቆሚያው ጀርባ፣ የልብስ ማጠቢያው ላውንድሪ። ላውንድሪው ከተዘጋ ከርሟል። ያን ዕለት ግን መስታወቱ በጥቁር ወረቀት ተሸፍኖ፣ ውስጡ መብራት በርቶ፣ የመጋዝ ድምፅ ይሰማ ነበር። በሩ አጠገብ ሰፋ ያለ ማስታወቂያ ተለጥፏል። መነጽሬን አወጣሁ።

እንግሊዝኛ ማንበብ አያቅተኝም፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አንድ የሒሳብ ቢሮ ውስጥ ፋይል ስይዝ ኖሬያለሁ። ማስታወቂያው የሚለው ግልጽ ነው። በዚህ ቦታ የካናቢስ፣ እኛ ሐሺሽ የምንለው፣ መሸጫ ሱቅ ለመክፈት ፈቃድ ተጠይቋል፤ ተቃውሞ ወይም አስተያየት ያለው የዚህ ከተማ ነዋሪ እስከዚህ ቀን ድረስ በጽሑፍ ያቅርብ። ቀኑን አየሁ። አልፏል። ብዙም አይደለም ያለፈው። ዓይኔን መልሼ የተለጠፈበትን ቀን ፈለግሁ። ባለቤቴን በቀበርንበት ሰሞን ነው።

ወተቱን ሳልገዛ ተመለስኩ። የፈራሁት ለሰፈሩ አልነበረም፤ ለልጄ ነው።

ስለ ልጄ ካልተናገርኩ ቀሪው አይገባም። ይህን የምጽፈው በቀን ጥቂት መስመር ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ብዙ ቀን ቆሜያለሁ።

ልጄ ሠላሳ ሊሞላው ነው። ኮሌጅ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር ካናቢስ ያጨስ ነበር። ጓደኞቹ አጭሰው ይስቃሉ፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ። የእኔ ልጅ ግን እንቅልፍ አጣ። ቆይቶም ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ሰዎች ስሙን እያነሡ እንደሚያወሩበት ነገረን። አባቱ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ «ማንም የለም ልጄ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን አሮጊቷ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ከድመታቸው ሌላ ማንንም አያነሡም» ሲለው አስታውሳለሁ። ልጄ አልሳቀም። ሆስፒታል ከረመ። ሲወጣ ሐኪሟ ሁለታችንን አስቀምጣ ነገረችን። ሌላው ሰው የሚችለውን የእሱ አእምሮ አይችለውም፤ ደግሞ ከነካው ሕመሙ ሊመለስ ይችላል፣ ሲመለስ ደግሞ ከፊተኛው ሊብስ ይችላል።

ለቤተ ክርስቲያን ሰው «ለሥራ ካልጋሪ ሄዷል» አልን። ባለቤቴ ነው ካልጋሪን የመረጠው፤ እዚያ ዘመድ ያለው ሰው ከመካከላችን አልነበረም። ልጄ ሲሻለው «ከካልጋሪ ተመለሰ»። ሰዎች የዚያን አገር ብርድ ሲጠይቁት «ደረቅ ነው» ይል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደህና ነው። መድኃኒቱን ይወስዳል፤ የሕንፃ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ የሚጠግን ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ጠዋት አውቶቡስ የሚጠብቀው እዚያው ላውንድሪው ፊት ነው፤ ማታም የሚወርደው እዚያው። አባቱ በሕይወት ሳለ ልጁ በሚመለስበት ሰዓት ሁሉ አንድ ነገር ይጎድለው ነበር። አንድ ቀን ባትሪ፣ አንድ ቀን ሎሚ፣ አንድ ቀን «ትንሽ አየር»። ይወርድና አብረው ይመለሳሉ። ልጁም ያውቃል፤ አይናገርም። አሁን ያ ሰው የለም፤ ሱቁ ግን ልክ በዚያ ቦታ ላይ ሊከፈት ነው።

በለቅሶዬ ሰሞን ከማድ ቤቴ ያልወጣች አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እህት አለች፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ደወልኩላት።

«ታች የተለጠፈውን ማስታወቂያ አይተሽዋል?»

«የሐሺሽ ቤቱን? እንዴ፣ በተለጠፈ በማግስቱ ነው ያየሁት። ድስት ተሸክሜ ስገባ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ውይ እትዬ! ለቅሶ ቤት ገብቼ ‹እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ደግሞም ከሥርዎ ሐሺሽ ቤት ሊከፈት ነው› ልበልዎት?»

«ሌላ ያየው ሰው አለ?»

«ያላየው ማን አለ! ፎቶ ተነሥቶ የቤተ ክርስቲያኑ የስልክ ግሩፕ ላይ ሁሉ ወጥቷል። ‹እሳቸው ከሐዘናቸው ቀና ይበሉና እንነጋገርበታለን› ተባብለን ተውነው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ያ ሁሉ ሰው፣ እያንዳንዱ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ሲገባና ሲወጣ በዚያ ወረቀት አጠገብ አልፏል። አንብቦታል። ከዚያ ወደ ላይ ወጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ መዝሙር ዘምሯል፣ አልቅሷል፣ ስለ ባለቤቴ ደግነት ተናግሯል፣ ስለ ወረቀቱ ግን አንድም አልተነፈሰም። ሐዘንተኛ ፊት ሌላ ወሬ አይነሣም። እኔም በሰው ለቅሶ ቤት ሥርዓቱን ጠብቄ ኖሬያለሁ። በማን ልቆጣ? ልጄ ካልጋሪ እንዳልነበረ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ምናልባት ጆሮዬ ላይ ሹክ ይለኝ ነበር። አንድም የሚያውቅ አልነበረም።

በማግስቱ የሰፈራችን ተመራጭ በከተማው ምክር ቤት ያላቸውን ቢሮ ስልክ ፈልጌ ደወልኩ። ያነሣው ወጣት ትሑት ነው፤ እስክጨርስ ሰማኝ።

«ቀኑ አልፏል፤ ግን ለቅሶ ላይ ነበርኩ» አልኩት። «ባለቤቴ ሞቶብኝ።»

«በጣም አዝናለሁ።» ከዚያም፣ «በኢንተርኔትም መላክ ይቻል ነበር እኮ» አለኝ።

ለቅሶ ላይ የተቀመጠች ሴት ኮምፒውተር ከፍታ ተቃውሞ እንደማትጽፍ እንዴት ላስረዳው? ተውኩት።

«ፈቃዱን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ?»

«አይደለንም። ሕጉ ሲወጣ ከተማው አንድ ጊዜ ተጠይቆ ነበር፣ ሱቆቹ ይግቡ ወይስ አይግቡ ተብሎ። ምክር ቤቱ ይግቡ አለ። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። የትኛው መንገድ ላይ ይሁን፣ ስንት ይሁን የሚለው በክፍለ ሀገሩ መንግሥት እጅ ነው።»

«እናንተ ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ?»

«እንደ ነዋሪው ሁሉ እኛም አስተያየት እንልካለን። ለዚህኛው ልከናል፤ በአንድ መንገድ ላይ በዙ ብለን።»

«ምን አሏችሁ?»

«እየጠበቅን ነው።»

አሳዘነኝ። ትልቅ ከተማ ነው፤ ፖሊስ አለው፣ በረዶ የሚጠርግ ስንት መኪና አለው፣ የቤቴን ግብር ያውቃል። ከቤቴ ሥር የሚከፈተውን ሱቅ ግን እንደ እኔው አስተያየት ጽፎ መልስ ይጠብቃል።

ወጣቱ ሊረዳኝ ፈልጎ «ቅርብ ትምህርት ቤት አለ?» አለኝ። «ከትምህርት ቤት የሚርቅበት ርቀት በሕግ ተወስኗል፤ እዚያ ውስጥ ከወደቀ ፈቃድ አያገኝም።»

ተስፋ አደረግሁ። ከእኛ ሕንፃ ማዶ፣ ቤተ ክርስቲያናችን የተከራየችው አዳራሽ ምድር ቤት ውስጥ ልጆች ፊደል ይማራሉ። ሰሌዳ አላቸው፣ አስተማሪ አላቸው፣ በዓመቱ መጨረሻ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል። «አለ!» አልኩት።

«በትምህርት ሕጉ የታወቀ ነው?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ነው» አልኩ።

«እህ…» አለ፤ መልሱን ከድምፁ ዐወቅሁት።

የባለቤቴ የልብ ጓደኛ ታክሲ ነጂ ነው። ጡረታ ወጥቻለሁ ይላል እንጂ እስካሁን ይነዳል። ሁለቱ ለብዙ ዓመት፣ የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተቀያየመ ወንድማማች ቤት አብረው ሽማግሌ እየሆኑ ይሄዱ ነበር። ባለቤቴ ዝም ብሎ የሚሰማው ነው፣ እሱ የሚናገረው። ሊጠይቀኝ ሲመጣ ነገሩን አነሣሁለት። ያሰብኩት እንዲያዝንልኝ ብቻ ነበር። እሱ ግን ከወንበሩ ቀና አለ።

«ሰማሽ፣ ሕጉ አልቋል እንጂ ነገሩ አላለቀም። ባለሱቋ ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ? የአገራችን ልጅ ናት። አንድ ወዳጄ ነግሮኛል፤ እናቷን ያውቃቸዋል። ሽማግሌ እንልካለን።»

«ለሐሺሽ ቤት ሽማግሌ?»

«ምን አለበት? ሰው አይደለችም? ‹ሐዘንተኛ ቤት ሥር እንዲህ ያለ ነገር አይከፈትም› እንላታለን። የአበሻ ልጅ ጥቁር የለበሰችን ሴት ታፍራለች።»

ይህን ሲል ስለ ክብሬ ነው የሚያስበው። እኔ ስለ ልጄ አስባለሁ። ልንገረው ወይስ ልተወው እያልኩ ፊቱን አየሁት። አልነገርኩትም። ሽማግሌ ከሦስት አያንስም ተባለ፤ እሱ፣ ያቺ የቤተ ክርስቲያን እህት፣ ሦስተኛ አንድ የጸሎት ቤት አገልጋይ። የቀጠሮው ቀን ጠዋት አገልጋዩን ድንገት ከሥራ ጠሩት። ታክሲ ነጂው ደወለልኝ።

«ሁለት ሆነን አንሄድም፤ ደምብ አይደለም። አንቺ ሦስተኛ ሁኚ።»

«ከሳሿም እኔ፣ ሽማግሌዋም እኔ?»

«ካናዳ ነው ያለነው እህቴ፤ የሥራ ሺፍት የሌለበት ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ወረድን። በሩ ክፍት ነው። የላውንድሪው ማሽኖች የነበሩበት ቦታ ላይ ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ እየተሠራ ነው፤ ግድግዳው ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ባለሱቋ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ ጫማዋ አቧራ ለብሶ፣ ሜትር ይዛ ቆማለች። ታክሲ ነጂው ጉሮሮውን ጠረገና ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ጀመረ።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ። ሽማግሌዎች ነን። መልካም መልስሽን ሳንሰማ አንቀመጥም።»

ልጅቷ ዙሪያዋን አየች። ወንበር የሚባል ነገር አልነበረም።

«ሶሪ ጋሼ፣ አማርኛዬ ብዙ አይደለም። ሽማግሌ ማለት… ኧ… ቆይ፣ ማሚን ኮል ላድርግላት።» ስልኩን አውጥታ ድምፁን ከፍ አደረገችው። «ማሚ፣ ሽማግሌዎች መጥተዋል። ሱቁ ጋ።»

ከስልኩ ውስጥ የአንዲት ሴት ድምፅ ጮኸ። «ምን? ሽማግሌ? ለአንቺ?»

«አዎ። ሦስት ናቸው።»

«የኔ ጌታ ተመስገን! ምነው ሳይነግሩኝ! የማን ልጅ ነው? አስቀመጥሻቸው? ሱቅ ውስጥ ሽማግሌ ይቀበሏል? ቤት አምጫቸው እንጂ! ሃሎ፣ እናንተ፣ ከየት ቤት ነው የመጣችሁት? ልጁ ሥራ አለው?»

የቤተ ክርስቲያን እህት በነጠላዋ አፏን ያዘች። ታክሲ ነጂው ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

«እመቤቴ፣ ለጋብቻ አይደለም። ስለ ሱቁ ነው።»

ከዚያ ድምፁ ዝቅ ብሎ መጣ። «ስለ ሱቁማ እኔም ለምኜ አቅቶኛል፤ ከቻላችሁ ሞክሩ።»

«ማሚ፣ ፕሊስ!»

ልጅቷ እንደ መሳቅም እንደ ማፈርም ብላ ወደ እኛ ዞረች። ቀስ ብላ፣ አማርኛውን እየፈለገች ተናገረች። «ጋሼ፣ እኔ አከብራችኋለሁ። ግን ሊዝ… የኪራይ ውል ፈርሜያለሁ። ብለቀው ሌላ ሰው ይገባል፤ ያው ሱቅ ነው የሚከፍተው። እሱ ደግሞ ሽማግሌ ምን እንደሆነ አያውቅም። እኔ ጋ ቢያንስ መጥታችሁ መቆጣት ትችላላችሁ። አይዲ፣ መታወቂያ እንጠይቃለን፤ ለልጆች አንሸጥም። ሪጀንት ፓርክ ሰፈር ነው ያደግሁት፤ ድሮ በየጥጉ ሲሸጥ አይቻለሁ። ይሄ ይሻላል።»

«እኛን የሚያሳስበን ወጣቱ ነው» አለች የቤተ ክርስቲያን እህት።

«የቱ ወጣት?»

«ወጣቱ በሙሉ።»

እኔ ልናገር አላሰብኩም ነበር። ከአፌ ወጣ።

«ልጅ አለኝ።»

ሁሉም ዞሩ።

«ሕፃን አይደለም፤ ሠላሳ ሊሞላው ነው። አይዲው ያስገባዋል። ከዚህ በፊት አጭሶ አእምሮው ታሞብኛል። ሆስፒታል ከርሟል። ለሌላው ደህና ይሁን፣ ለእሱ መርዝ ነው። እዚህ በርሽ ላይ ቆሞ ነው በየቀኑ አውቶቡስ የሚጠብቀው።»

ልጅቷ እናቷን ሳትሰናበት ስልኩን ዘጋችው። ታክሲ ነጂው አላየኝም፤ ወለሉን ነበር የሚያየው፤ ከንፈሩ ብቻ «ካልጋሪ» ሲል አየሁት።

«ይሄን ማድረግ እችላለሁ» አለች ባለሱቋ። «ፎቶውን አሳዩኝ። ለሠራተኞቼ በሙሉ እሰጣለሁ። እሱ ሲመጣ አንሸጥለትም። ሱቁ የኔ ነው፤ ያልፈለግሁትን ሰው እመልሳለሁ።»

ከተማው ያልቻለውን፣ ክፍለ ሀገሩ ያልጠየቀኝን፣ ይህች ሜትር የያዘች ልጅ በአንድ ቃል ሰጠችኝ። ስልኬን አወጣሁ። ፎቶ ነበረኝ፤ ሐይቁ ዳር ከአባቱ ጋር ቆሞ፣ ፀሐዩ ዓይኑን ወግቶት ተኮሳትሮ። በጣቴ አሰፋሁት፣ የእሱ ፊት ብቻ እንዲታይ። ልሰጣት እጄን ዘረጋሁ።

ያን ጊዜ የተሸፈነውን መስታወት አየሁ። ከውጭ ወደ ውስጥ አያሳይም። ልጄ ከመስታወቱ ማዶ አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ ከመስታወቱ ወዲህ ሠራተኞቹ ፎቶውን ይዘው «ያ እሱ ነው፣ ያ ሕመምተኛው» ሲባባሉ ታየኝ። ከግድግዳ ጀርባ ሰዎች ስሙን እያነሡ ያወራሉ ብሎ ያበደ ልጅ ነው። አባቱ ግድግዳውን እየዳሰሰ ማንም የለም ያለው ልጅ ነው። አሁን እኔ በገዛ እጄ እነዚያን ሰዎች ከግድግዳው ጀርባ ላስቀምጥለት ነው።

ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት።

«ይቅር» አልኳት። «አመሰግናለሁ ልጄ። ይቅር።»

ስንወጣ የቤተ ክርስቲያን እህት ክንዴን ያዘችኝ። ታክሲ ነጂው መኪናው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ያን ጊዜ ባልሽ ካልጋሪ ሊጠይቀው ሲሄድ ኤርፖርት ላድርስህ ብዬው ነበር። ‹አይ፣ በባስ ነው የምሄደው› አለኝ። ሦስት ቀን ይፈጃል እኮ ብዬ ስንት ቀለድኩበት።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «አንድ ቀን እንኳ ሆስፒታል አብሬው ብሄድ ምን ነበረበት?»

መኪናውን እስኪከፍት አብሬው ቆምኩ።

ልጄ ማታ ሲገባ ነገርኩት። ከሌላ ሰው ከሚሰማ ብዬ ነው። ጫማውን እያወለቀ ነበር፤ አንዱን አውልቆ አንዱን እንዳደረገ ቀረ።

«ለአባዬ ጓደኛ፣ ለጋሼ ነገርሽው?»

«ከአፌ አመለጠኝ።»

«እዚያች ሴትዮ ፊት?»

«ፎቶህን ግን አልሰጠሁም።»

«ፎቶዬን!» ብሎ ተነሣና ማድ ቤት ገባ። ውኃ ሲቀዳ ሰማሁ። ሲመለስ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፤ እኔ ከጩኸቱ ይልቅ ዝቅ ያለ ድምፁን እፈራለሁ።

«እማዬ፣ ወረቀቱን ገና ሲለጠፍ አይቼዋለሁ። አንቺ ለቅሶ ላይ ነበርሽ።»

«አንተም?»

«ምን ላድርግ፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ? ደግሞስ ይሄ ብቻ ነው እንዴ? ሳብዌይ ባቡሩ መውጫ ላይ አለ። ሥራ ቦታዬ ፊት ለፊት አለ። ምሳ የምገዛበት አጠገብ አለ። አንቺ የምታውቂው ይሄን አንዱን ነው።»

አንዱን በር ለመዝጋት ስሮጥ ከተማው በሙሉ በር ሆኖ አገኘሁት።

«ታዲያ እንዴት ነው የምታልፋቸው?» አልኩት።

«በእግሬ ነዋ» አለና ሁለተኛውን ጫማ አወለቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ እሱም ቀልዱ አልጣፈጠውም።

ለብዙ ቀን ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገርንም። ፈቃዱ ተሰጠ፤ ሱቁ ተከፈተ። የሚያምር ነው፤ መብራቱ ለስለስ ያለ፣ በሩ ላይ አበባ ያለበት። ወረፋ አልነበረም፣ ጩኸት አልነበረም፣ ያሰብኩት ክፉ ነገር አንዱም አልነበረም። ይህም አላረጋጋኝም። ማታ ማታ መስኮት ላይ ቆሜ አውቶቡሱን እጠብቃለሁ። ሲወርድ አየዋለሁ። ከዚያ የሱቆቹ መጠለያ ይሸፍነዋል። ከመጠለያው ሥር ገብቶ ከሕንፃው በር ጋ እስኪወጣ ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ ለእኔ ግን ትንፋሼን የምይዝባት ናት። አንዳንድ ቀን ይዘገያል። ዳቦ ይዞ ይመጣል። ዳቦውን አያለሁ፣ ዓይኑን አያለሁ፣ እንቅልፉን አዳምጣለሁ። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ጭንቀት ባትሪና ሎሚ በመግዛት እንዴት አድርጎ ይሸፍነው እንደነበር አሁን ገባኝ። እኔ መሸፈን አልቻልኩበትም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጄ በሬን አንኳኳ።

«ካፖርትሽን ልበሺ። አብረን እንውረድ።»

«ወዴት?»

«ታች።»

በሩ ላይ ያለው ሠራተኛ አይዲ ጠየቀን። እኔንም ጠየቀኝ። የአረጋውያን ካርዴን ሰጠሁት፤ ግራና ቀኙን አይቶ በአክብሮት መለሰልኝ። ባለሱቋ ከረጅሙ ጠረጴዛ ጀርባ ነበረች። እኔን ስታይ ዐወቀችኝ፤ ቀጥላ እሱን አየች፣ ገባት።

ልጄ እጁን ኪሱ ከቶ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ድምፁ ደህና ነበር፤ ጆሮው ግን ቀልቷል።

«እናቴ ስለ እኔ ነግራችኋለች። ፊቴ ይሄ ነው። ፎቶ አያስፈልግም። ከመጣሁ አትሽጡልኝ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ። ብለምንም።»

ያቺን «ብለምንም» የምትል ቃል ስሰማ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። ሊለምን የሚችልበት ቀን እንዳለ እሱም ያውቃል ማለት ነው። እኔ ብቻ አይደለሁም የምፈራው።

ልጅቷ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እኔን አየት አድርጋ፣ እንድሰማ ብላ ይመስለኛል፣ በአማርኛ ጠየቀችው።

«እስከ መቼ?»

ልጄ አሰበ። እኔ በልቤ «ሁልጊዜ በል፣ ሁልጊዜ በል» እያልኩ ነበር።

«ለጊዜው» አለ።

ወጣን። ብርድ ነበር። ሥራ የለውም ያን ቀን፤ ኖርዝ ዮርክ የሚኖር አንድ ጓደኛውን ሊጠይቅ ነው የሚሄደው፤ ማቆሚያው ላይ ቆምን። ጓደኛው የትኛው እንደሆነ ልጠይቀው ፈለግሁ፣ አልጠየቅሁም። እሱ ግን ፊቴን አየ።

«ምን ሆንሽ?»

«ለጊዜው አልክ።»

«አዎ።»

«ሌላ ቃል አልነበረም?»

ወደ መንገዱ እያየ፣ አውቶቡሱ ከሩቅ ሲመጣ፣ «ከዚያ በላይ ካልኩሽ እዋሽሻለሁ፣ እማዬ» አለኝ።

አውቶቡሱ ቆመ። ገባ። ሰው ሞልቶ ስለነበር ቆሞ ነው የሄደው፤ አንድ እጁ ብረቱን ይዞ፣ ሌላው በመስታወቱ በኩል ወደ እኔ ተነሥቶ። እኔም እጄን አነሣሁለት። አውቶቡሱ መብራቱን ተሻግሮ ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆምኩ፤ ከጠፋም በኋላ ቆምኩ።